ባለ አንድ ክብ ቢስክሌት በስሜን ዳገት

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ ስለ ቢስክሌት እንድንናገር በተፈቀደልን ጊዜ፥ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ዘንድ «የዕውቀትን ታላቅነት የሚናገር ጠፍቶ ነውን ስለ ካቴናና ስለ ጥርስ የሚወራው?» የሚል ሳቅ ሰምተናል። ሳቁን በደስታ ተቀብለነዋል። ነገር ግን ከገጠር መጥተን በከተማ ቤት ተከራይተን ለምንማር ልጆች ቢስክሌት ጨዋታ አይደለም። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ወላጆቻችን ቤት የምንሄደው፥ እሑድ ማታም የሳምንቱን ስንቅ፥ ዱቄቱንና ሽሮውን፥ ድንቹንም ጭነን የምንመለሰው በእርሱ ነው። እሑድ ማታ ካቴናው ከዳገት መካከል ቢጠላለፍ የሰኞው የሒሳብ ፈተና አይጠብቀንም። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የትምህርት ጉዳይ ነው።

እኛ አራት ተማሪዎች ነን። ከሁለት ዓመት በፊት ገንዘባችንን አዋጥተን አንዲት አሮጌ የተራራ ቢስክሌት ገዛን፤ በየሳምንቱም በተራ እንይዛታለን። የሸጠልን ሰው «ይህች እኮ ሃያ አራት ማርሽ ያላት ናት!» እያለ ነበር ዋጋዋን የሰቀለብን። ዛሬ የቀራት ማርሽ ስምንት ብቻ ነው፤ ቢሆንም ከሃያ አራቱ ይልቅ በስምንቱ የተሻለ ትወጣለች። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው የቆምነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሞቹ እንስማማ። ከፔዳሉ ጋር አብሮ የሚዞረውን ጥርሳም ብረት የፊት ክብ እንለዋለን፤ በኋላው ቸርኬ መካከል ተደርድረው ያሉትን የኋላ ክቦች፥ ካቴናውንም ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው የሚገፋውን መሣሪያ ማሻገሪያ እንላቸዋለን። ጣልያኖች የፊቱን ክብ ኮሮና ይሉታል፤ ዘውድ ማለት ነው። ጎማና ካቴና የሚሉትን ቃላት ከእነርሱ እንደ ወረስን ይህንንም ብንወርስ ባልከፋ ነበር፤ ዳሩ ግን ከ2020 ወዲህ ስሙን በሽታ ስለ ነጠቀው «ቢስክሌታችን ኮሮና አለባት» ብለን መናገር አልፈለግንም። (በዚህ ንግግር ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።)

ቢስክሌቷ ከፊት ሦስት ክብ ነበራት፤ ጥርሶቻቸው 42፥ 32ና 22። ከኋላ ያሉት ስምንቱ 11፥ 13፥ 15፥ 18፥ 21፥ 24፥ 28ና 32 ጥርስ አላቸው። ሦስት ጊዜ ስምንት ሃያ አራት ነው፤ ሻጩ አልዋሸም። ነገር ግን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማርነውን ማካፈል ይዘን ብንቀመጥ ሌላ ነገር አገኘን። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ቸርኬ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ለማወቅ የፊቱን ጥርስ ለኋላው ጥርስ ማካፈል ነው። 42 ለ21 ሲካፈል 2 ነው፤ 22ም ለ11 ሲካፈል ያው 2 ነው። 22ን ለ15፥ 42ን ለ28፥ 32ንም ለ21 ብናካፍል ሦስቱም አንድ ተኩል አካባቢ ይወጣሉ፤ እግር ልዩነታቸውን አያውቅም። ስለዚህ ከሃያ አራቱ ብዙዎቹ በሁለትና በሦስት ስም የሚጠሩ አንድ ሰው ናቸው። ሦስቱ የፊት ክቦች በእውነት የሚሰጡት ከታች ጥቂት ቀላል ማርሽ፥ ከላይ ጥቂት ከባድ ማርሽ ነው፤ መካከሉ ድግግሞሽ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ መሆኗን በጂኦግራፊ ተምረናል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ነው። ወደ ፓርኩ የሚወስደው መንገድ ሳንቃበር ላይ 3,250 ሜትር፥ ጨነቅ ላይ 3,620 ሜትር ይደርሳል፤ የቧሂትን በር ሲያልፍ ወደ 4,200 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ስድሳ በመቶ ገደማ ነው። በዝቅተኛ አገር ለሚኖር ጐልማሳ በእግር ኃይል የሚወጣው ዳገት፥ እዚህ ሳንባ ያስጨንቃል። ከዚህም የተነሣ ለእኛ አገር ቢስክሌት ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ትፈጥናለች?» የሚለው አይደለም፤ «ስንቅ ተሸክማ በቀስታ ምን ያህል ትወጣለች?» የሚለው ነው።

የቸርኬያችን ዙሪያ ከነጎማው 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ያህል ነው። በትንሹ የፊት ክብና በትልቁ የኋላ ክብ፥ ማለት 22 ለ32 ሲሆን፥ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ዞሮ ቢስክሌቷን 1 ሜትር ከ42 ሳንቲም ያስኬዳል። ይህች አጭር እርምጃ ናት ለስሜን ዳገት የተፈጠረችው። በሌላው ጫፍ 42 ለ11 ሲሆን በአንድ ዙር ወደ 8 ሜትር ይሄዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ማርሽ በትክክል የተጠቀመበት ከአራታችን አንድም ሰው የለም።

«ቁልቁለትስ?» የሚል አይጠፋም። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ላይ ተፈልፍሎ የተሠራ፥ እንደ እባብ የሚጠመዘዝ መንገድ ነው። እዚያ ላይ ቢስክሌት ፔዳል አይፈልግም፤ ምድር ራሷ ትነዳዋለች። በሊማሊሞ የሚያስፈልገው ፍሬን ነው እንጂ ባለ 42 ጥርስ ክብ አይደለም። ለትልቅ ክብ የሚወጣውን ገንዘብ ለፍሬን ጫማ ቢያውሉት እናቶቻችንም ደስ ይላቸዋል።

የሦስቱ ክቦች ጣጣ ግን በሒሳብ ብቻ አልታየንም። ባለፈው ክረምት የፊቱ ማሻገሪያ በጭቃ ተሞልቶ መንቀሳቀስ አቃተው፤ ከዚያም በድንጋይ ተመትቶ ተጣመመ። ከዚህ የባሰው የካቴናው መታፈን ነው። ጭቃ የጠገበ ካቴና ትንሹን ክብ ከታች በኩል መልቀቅ ሲገባው ተጣብቆበት አብሮ ወደ ላይ ይወጣና በክቡና በቢስክሌቷ አጥንት መካከል ይሰነቀራል። የሚሆነውም ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ዳገት ሲገፋ ነው። ፔዳሉ በድንገት ቀጥ ይላል፤ ስንቅም ሰውም ወደ ጐን ይወድቃል።

በደባርቅ ገበያ አጠገብ የሚሠሩ፥ እኛ ጋሼ የምንላቸው አንድ የቢስክሌት ጠጋኝ አሉ። የተጣመመውን ማሻገሪያ አይተው ምትኩ በከተማው እንደሌለ ነገሩንና «ለምን አትተዉትም?» አሉን። እኛ ድሃ መፍትሔ መስሎን አዘንን። ኋላ ግን ስናነብ ዓለም ሁሉ ወደዚያው እየሄደ መሆኑን ተረዳን።

መቼም በቀድሞ ጊዜ ቢስክሌት ሁሉ ባለ አንድ ክብ ነበረ። በ1903 የተጀመረው ታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር እንኳ በማሻገሪያ መጠቀምን ለተወዳዳሪዎቹ የፈቀደው በ1937 ነው። የተራራ ቢስክሌት በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ከታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ተወልዶ፥ በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ድርጅት በብዛት ሠርቶ ሲሸጠው ከፊት ሦስት፥ ከኋላ አምስት ክብ ነበረው። ያን ጊዜ ከኋላ አምስት ብቻ ስለ ነበሩ ከፊት ሦስት ማድረግ ተገቢ ነበር። የኋላዎቹ እየበዙና እየሰፉ ሲሄዱ ግን የፊቶቹ ሥራ ፈቱ። በ2012 ስራም የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከፊት አንድ፥ ከኋላ ከ10 እስከ 42 ጥርስ ያላቸው ዐሥራ አንድ ክቦች አወጣ፤ በ2016 ዐሥራ ሁለት አድርጎ እስከ 50 ጥርስ አደረሰው። የጃፓኑ ሺማኖም በ2018 እስከ 51 ጥርስ ባለው ተከተለ። በዚያው በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የተራራውን ውድድር ያሸነፈው የስዊሱ ኒኖ ሹርተር የነዳው ከፊት አንድ ክብ ብቻ ያለውን ነው።

ይህ ማለት ግን ለሁሉ ሰው ይበጃል ማለት አይደለም። በ2016 በፈረንሳይ ዙር ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የተሰለፈው ጽጋቡ ግርማይ ይወዳደርበት የነበረው ዓይነት የአስፋልት ቢስክሌት ሁለት የፊት ክብ ይዞ ኖሯል፤ ምክንያቱም በብዙ ሰው መካከል በእኩል ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ማርሾቹ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። በአንድ ክብ ከማርሽ ወደ ማርሽ ያለው ዝላይ ሰፊ ነው። ሜዳ ላይ ሲነዱ «ይህ ቀለለኝ፥ ያም ከበደኝ» የሚያሰኝ ጊዜ አለ፤ እኛም በዳባት ሜዳ ላይ ይህን አይተናል።

አሁን ያደረግነውን እንናገር። በመጀመሪያ ያደረግነው አንድ ሳንቲም ያላስወጣ ነው። የተጣመመውን የፊት ማሻገሪያ ከነሽቦውና ከነመዘወሪያው ፈታን። ካቴናውን በመካከለኛው ባለ 32 ክብ ላይ አኖርነው፤ የመካከለኛው መሥመር ከኋላ ክቦች መካከል ጋር ትክክል ስለሚገጥም ካቴናው ወደ ጐን ብዙ አይጣመምም። ትልቁን ባለ 42 ክብ ግን አልጣልነውም፤ ጥርሱን በሞረድ ፈግፍገን ፈግፍገን ልሙጥ አደረግነውና በቦታው መለስነው። በዚህ ሥራ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልቋል፤ እጃችንም ተልጧል። ጥቅሙ ሦስት ዓይነት ነው፤ ካቴናው ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ይጠብቃል፥ ሱሪና ቀሚስ በጥርስ እንዳይበላ ይከላከላል፥ ብሎኖቹም በፊት ለሁለት ክብ ውፍረት የተሠሩ ስለሆኑ ክቡ ቢወጣ ይረዝሙና ሮንዴላ ይፈልጉ ነበር። ትንሹም ባለ 22 ክብ ከውስጥ በኩል እንደ ነበረ ቀረ። ከባድ ዳገት ሥር ስንደርስ ወርደን፥ ካቴናውን በእንጨት ጫፍ ወደ ትንሹ እናወርዳለን፤ ዳገቱ ሲያልቅ እንመልሰዋለን። የሚወስደው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነው። ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም፤ ብዙዎቻችሁም በዚህ ብትቆሙ አያስቀይምም።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። በገበያ ርካሽ ከሆኑት ቢስክሌቶች የብዙዎቹ የፊት ክቦች በብሎን የተያዙ ሳይሆኑ እንደ ድስት ጆሮ በምስማር ተቀጥቅጠው የተጣበቁ ናቸው። እነዚያ አይፈቱም። እንዲህ ያለውን የያዘ ሰው ማሻገሪያውን ብቻ አውጥቶ ክቦቹን እንዳሉ ይተዋቸው፤ ወይም ከነፔዳል ክንዱ ሌላ ይግዛ። ክንዱን ለማውጣት የተለየ መሳቢያ መሣሪያ አለው፤ ጋሼ ዘንድ ይገኛል። በመዶሻ እየደበደቡ ማውጣት ዘንጉን ያበላሻል።

ወደ ሁለተኛው ሥራ ከመሄዳችን በፊት በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ሦስታችን ቤታችን ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ በኩል ነው፤ እኛ 32ቱ ይበቃል፥ በእንጨት ማሻገሩም አያስቸግርም አልን። አራተኛዋ ጓደኛችን ቤቷ ወደ ሳንቃበር በሚወጣው መንገድ በኩል ነው። «እናንተ በወር አንድ ጊዜ የምትወርዱበትን እኔ በአንድ ጉዞ አምስት ጊዜ እወርዳለሁ፤ በዝናብና በጨለማ ካቴና መነካካት የእኔ ዕጣ ብቻ ነውን?» አለች። ነገሩን በድምፅ ብንቈርጠው ሦስት ለአንድ እናሸንፍ ነበር፤ ይሁንና ቢስክሌቷ የአራታችን ስለሆነች በዳገቱ ልንዳኝ ተስማማን። ሃያ ኪሎ ዱቄት ጭነን፥ በ32 ለ32፥ ማለት በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም በሚያስኬደው ማርሽ፥ በእርሷ መንገድ ላይ በየተራ ሞከርን። ሦስታችንም ከግማሽ ሳንደርስ ወርደን ገፋን። ክርክሩ በዚያው አለቀ።

እንግዲህ ጥያቄው ያችን የ1 ሜትር ከ42 እርምጃ በአንድ የፊት ክብ እንዴት እናግኛት የሚል ሆነ። ከመካከላችን አንዱ ባለ 22ቱን ብቻ እናስቀርና ሌላውን ሁሉ እንተው አለ። ሒሳቡ መጥፎ አይደለም፤ 22 ለ11 ሲሆን በደቂቃ ሰማንያ ዙር ለሚነዳ ሰው በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጣል፤ ለእኛ መንገድ ይበቃል። ነገር ግን ትንሹ ክብ ወደ ውስጥ የተጠጋ ስለሆነ፥ ካቴናው ወደ ኋላ ትንንሽ ክቦች ሲሄድ በጣም ይጣመማል፤ ጥቂት ጥርስ በጥቂት ጥርስ ላይ ሲሠራም ብረቱ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ተውነው።

የመረጥነው ከፊት 30፥ ከኋላ ከ11 እስከ 42 ነው። ሒሳቡን አብራችሁን አውጡ፤ 30 ለ42 ሲሆን በአንድ ዙር 1 ሜትር ከ48 ሳንቲም ይሄዳል፤ ከቀድሞው የሚበልጠው በስድስት ሳንቲም ብቻ ነው። ከላይ በኩል 30 ለ11 ሲሆን በአንድ ዙር 5 ሜትር ከ65 ይሆናል፤ በደቂቃ ሰማንያ ዙር በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው ፔዳሉን ትቶ ቁልቁለት ይጠብቅ። ዕቃው በዘመድ በኩል ከአዲስ አበባ መጣ፤ የአራታችንን የሁለት ወር የቤት ኪራይ ፈጅቷል፤ ገንዘቡንም በክረምት የቀን ሥራ አገኘነው። ርካሽ ነው ብለን አንደልላችሁም።

የአዲሱ የፊት ክብ ጥርስ ልዩ አሠራር አለው። ካቴናን ቀርባችሁ ብታዩት ቀዳዳዎቹ አንዱ ሰፊ፥ ቀጣዩ ጠባብ እየሆኑ ይፈራረቃሉ። የቀድሞው ክብ ጥርሶች ሁሉ ቀጫጭኖች ናቸው፤ ካቴናው በቀላሉ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው እንዲሻገር ሆን ተብሎ ላላ ብሎ እንዲቀመጥ የተሠሩ ናቸውና። አዲሱ ግን አንዱ ጥርስ ወፍራም፥ ቀጣዩ ቀጭን ነው፤ ወፍራሙ ሰፊውን ቀዳዳ ሞልቶ ይይዛል። ከዚህም የተነሣ የጥርሱ ብዛት ምንጊዜም ሙሉ ለሁለት የሚካፈል ነው፤ 30 ወይም 32 እንጂ 31 አይሆንም። ሲገጠምም ወፍራሙን ጥርስ ከሰፊው ቀዳዳ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ከጥር ወር ወዲህ ካቴናው የወደቀብን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ። በውድ ቢስክሌቶች ላይ የኋላው ማሻገሪያ ካቴናውን ወጥሮ የሚይዝ መያዣ ስላለው ይህም አይደርስም፤ የእኛ ያረጀ ነው።

ያው አሮጌ ማሻገሪያ ባለ 42ቱን ትልቅ የኋላ ክብ መሻገር አልቻለም ነበር፤ ይጋጭ ነበርና። ጋሼ ከሥሩ ዝቅ የሚያደርገው አጭር የብረት ማራዘሚያ ጨመሩለት። የካቴናውን ርዝመት የምንለካው እንዲህ ነው፤ ካቴናውን በማሻገሪያው ውስጥ ሳናሳልፍ በፊቱ ክብና በትልቁ የኋላ ክብ ላይ ጠምጥመን፥ ከሚገናኝበት ሁለት ቀለበት እንጨምራለን። ካቴናው ካጠረ ትልቁ ክብ ላይ ሲወጣ ማሻገሪያውን ይሰብረዋል። አሮጌ ካቴናም በአዲስ ጥርስ ላይ ይንሸራተታልና አብሮ መለወጥ ይገባል።

ስለ ክብደት የሚጠይቀን ሰው አለ። ያወጣነው ብረት ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ኪሎ የሚሞላ አይመስለንም፤ የኋላው ደግሞ ከቀድሞው ከብዷል። እናቶቻችን ከሚጨምሩልን ድንች አንጻር ይህ የሚቈጠር አይደለም። እውነተኛው ጥቅም ጭቃ የሚገባበት አንድ ቦታ መቀነሱ፥ የሚበጠስ አንድ ሽቦ መጥፋቱና በዳገት ላይ የሚያስበው አውራ ጣት አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ጓደኛችን አሁን እስከ ቤቷ ድረስ ከቢስክሌት ሳትወርድ ትሄዳለች፤ በጣም በሚከፋው አንድ መታጠፊያ ላይ ግን አሁንም ትገፋለች፤ እኛም እንገፋለን።

ጥርሱ የተሞረደው ትልቁ ክብና ባለ 32ቱ ክብ ከእኛ ዘንድ ትርፍ ሆነው ተቀምጠዋል። በብሎን የተያዘ ባለ አራት ቀዳዳ ክንድ ያለው ተማሪ ቢኖር ቀዳዳውን ለክቶ ይምጣ፤ ከገጠመለት ያለ ዋጋ ይወስዳል። ቢስክሌቷ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ቆማለች። ከቡናው በኋላ ሃያ ኪሎ ዱቄት ጭነንባት እስከ በሩ ዳገት ልትሞክሯት ትችላላችሁ፤ መምህራንም ጭምር።